ለአባባ ደወል የሰጠነው ዘጠኝ

ዳኛ ሁን ተብዬ ስጠየቅ እምቢ ማለት ነበረብኝ። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ዳኛ መሆን እንደሌለበት የገባኝ ግን ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው። ያን ቀን የውድድሩ አስተባባሪ ጌጃ ሰፈር ያለችው መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ አዲሱን ጫማውን ከሰጋቱራው እያሸሸ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ እንጨት የሚያውቅ የለም» ሲለኝ ቁመቴ እዚያው በአንድ ክንድ ጨመረ። ጣሪያውን በጭንቅላቴ ነካሁት ብል አላጋነንኩም። ጣሪያው እርግጥ ዝቅተኛ ነው።

ውድድሩ የገና ጌጥ ነበር። ገና ሲመጣ በየካፌውና በየባንኩ በፕላስቲክ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን አብረቅራቂ ኳስ ታውቁታላችሁ። በኮንቴነር ነው የሚመጣው፤ አጠገቡ ቆመው ቢያስነጥሱ ይሰነጠቃል። የአካባቢያችን ጽሕፈት ቤት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ጥሩ ነገር አሰበና፣ በእንጨት ቶርኖ የተሠራ የገና ጌጥ ይወዳደር አለ። ቶርኖ ለማያውቅ ላስረዳ፦ እንጨቱን ማሽኑ ላይ ታስረዋለህ፣ ሞተሩ ያሽከረክረዋል፣ አንተ መሮህን ይዘህ ትጠጋዋለህ፣ እንጨቱም እየተላጠ ይከብብልሃል። የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የሙቀጫ ዘነዘና ሳይቀር በዚህ ነው የሚሠራው። እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ የላጥኩት የአልጋ እግር ቢደረደር ከልደታ ተነስቶ ጅማ ደርሶ፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል።

ሽልማቱ ዋንጫ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ዋንጫ ማን ይወስዳል፣ ማን ይተዋል፣ ሁሉም ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። ሽልማቱ ግን ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት መሥሪያ ሼዶች አንዱን ለአንድ ዓመት ያለ ኪራይ መያዝ ነበር። በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣ ቶርኖ የሚጎትት መብራት የገባለት ሼድ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ያን ሼድ ለምን እንደምትፈልገው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጌጃ ሰፈር፣ ከእኔ ሦስት አጥር ርቃ፣ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ማሽኗ በረንዳ ላይ ነው የቆመው። ማሽን ማለቴ፣ ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ሞተር አውጥታ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አጋጥማ ራሷ የሠራችው ነገር ነው። ሲነሳ አውሮፕላን ሰፈር ውስጥ ያረፈ ይመስላል። አከራይዋ ሴትዮ፣ ሰጋቱራው ልብሴ ላይ እያረፈ፣ ጩኸቱ ደም ግፊቴን እየቀሰቀሰ አስቸገረኝ ብለው እስከ ገና ቀን ድረስ ጊዜ ሰጥተዋታል። ከገና በኋላ ወይ ማሽኑ ይወጣል፣ ወይ ማሽኑም እሷም ይወጣሉ። ስለዚህ ለሌሎቹ ውድድር የነበረው ለእሷ የእንጀራ ነገር ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው የዳኝነቱ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። አላወቅኩም ልል አልችልም።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ በፊኛ ተሞልቶ ነበር። ፊኛው ከእንጨቱ ይበልጥ ነበር ብል ይሻላል። ዳኞቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ የሠርግ አዳራሽ የምታስጌጥ አንዲት ባለሙያ፣ እና የቴክኒክ ትምህርት የሚያስተምር አንድ መነጽራም መምህር። አድልዎ እንዳይኖር በየሥራው ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ተለጥፏል። መልካም። ከዚያ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከቁጥሩ ኋላ ወንበር ተሰጥቶት፣ ሥራውን አቅፏል ሊባል በሚችል ቅርበት ተቀመጠ። አስተባባሪውን ጠርቼ፣

«ቁጥሩ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?» አልኩት።

«ለምስጢርነት ነው ጋሼ።»

«ሰዎቹ እኮ ከኋላው ተቀምጠዋል።»

«ስማቸው ግን አልተጻፈም» አለኝ፣ በጣም በመተማመን።

ያኔ ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳቅኩ። የእኔ ችግር ይህ ነው፤ መቆጣት ሲገባኝ እስቃለሁ፣ ንዴቱ ሦስት ቀን ቆይቶ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ የሚያገኘው ሰው የለም።

መዞር ጀመርን። አንዱ የአልጋ እግር ቆርጦ፣ ክር አስሮበት «ሻማ ነው» ብሎ አቅርቧል። እግሩን አወቅኩት፤ እኔው የሠራሁት ነው። ሌላው የሠራት ኳስ ከማማሯ ብዛት ጠረጠርኳትና ስጭራት ቀለሟ ተልጦ ፕላስቲክ ወጣች። ኳሷ ብቻ ሳትሆን ባለቤቷም ቀለሙ ተለወጠ።

ከዚያ በረንዳ ላይ የምትሠራዋ ሴት ጋ ደረስን። የሠራችው ከበሮ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚመታው ዓይነት፣ ግን መዳፍ ውስጥ የሚጠፋ። ከወይራ። ወይራ እንኳን ቀጥኖ ሊላጥ፣ መሮ ሲያይ የሚስቅ እንጨት ነው። እሷ ውስጡን ከአንድ ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ገብታ ፈልፍላ አውጥታዋለች። ሳነሳው ክብደት የለውም፤ የእንቁላል ቅርፊት የያዝኩ መሰለኝ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ድም አለ። እኔ የምቀልደው ሰው፣ አፌ ውስጥ ቀልድ ጠፋ። ማሽኗ በረንዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ይህን ግድግዳ ሳትበሳ እንዴት እንዳወጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቴ ላይ ማርኳን ጽፌ አጠፍኩት።

የመጨረሻው ወንበር ላይ አባባ ነበሩ።

አባባ ማለት እኔን ይህን ሙያ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ቤታቸው ውስጥ ቶርኖ ነበራቸው። ገና የመጀመሪያ ቀኔ፣ «መሮውን እንደ ማንኪያ አትያዘው፤ ልትበላ ነው እንዴ የመጣኸው?» ብለው ነው የተቀበሉኝ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል፤ ማሽኑንም ሸጠውታል። ያን ቀን ክራባት አስረው፣ ሥራቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጥተዋል። ከማን ቶርኖ ለምነው እንደሠሩት እግዜር ይወቅ።

መሐረቡን ፈቱት። የዋንዛ ደወል። ሆዱ ወደ አንድ ወገን ነፍቷል። ከአፉ እስከ ወገቡ ስንጥቅ አለው፣ ስንጥቁም በኮላና በሰጋቱራ ተሞልቶ በቫርኒሽ ተሸፍኗል። እንጨት ልጦ የማያውቅ ሰው አያየውም። እኔ ግን ከሩቅ አየሁት፤ መምህሩም አየው፤ አስጌጧ እንኳን አየችው። ሦስታችንም «ጎበዝ አባባ!» አልን፣ እንደ መዘምራን በአንድ ድምፅ።

አሁን ወንጀሉን ልናገር። ወረቀቴን ይዤ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ሌሎቹ ሁለቱ እውነቱን ይጽፋሉ። አራት ይሰጧቸዋል፣ ቢበዛ አምስት። እኔ ከፍ ባደርግላቸው ከመጨረሻ ደረጃ ያድናቸዋል እንጂ የማንንም ዕድል አይነካም። እኚህ ሽማግሌ በሰው ፊት መጨረሻ ወጡ ሊባል ነው? በእኔ እጅ? ከአሥር ዘጠኝ ጻፍኩ። አጥፌም ሳጥኑ ውስጥ ስከተው ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴ ሞላ።

አስተባባሪው ማይኩን አንኳኳ፣ ነፋበት፣ ሳለበት፣ ከዚያ ሦስተኛውን ጠራ። ሁለተኛዋን ጠራ፤ የከበሮዋ ባለቤት፣ ሃያ ስድስት ነጥብ። አንደኛ፣ ሃያ ሰባት ነጥብ በማምጣት፣ አባባ!

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ፊኛ ሲፈነዳም ሰምቻለሁ። እኔ አልጨበጨብኩም። እጄ ላይ ጣት ሳይሆን ሒሳብ ነበር፤ ሃያ ሰባት ለሦስት። ወደ ጎን ዞር ስል ሁለቱ ዳኞችም ወደ እኔ ዞረዋል። በጥርሳችን መሃል ነው የተነጋገርነው።

«ስንት ሰጠሃቸው?» አለችኝ አስጌጧ።

«ዘጠኝ። አንቺስ?»

«ዘጠኝ! እናንተ ዝቅ ታደርጋላችሁ ብዬ እኮ ነው!»

«እኔም እናንተ ትቀንሳላችሁ ብዬ…» አለ መምህሩ፣ መነጽሩን እየጠረገ። «አራት ልጽፍ ነበር። አባቴን መሰሉኝ።»

«አባትህን ከመሰሉህ ቤትህ ወስደህ ምሳ አብላቸው እንጂ ሼድ ትሰጣቸዋለህ?» አልኩት። እንዲህ ስለው ራሴን እንደምሰድብ አውቃለሁ፤ ግን የራስን ጥፋት ሌላ ሰው ላይ መጮህ እንዴት ይቀላል!

አባባ መድረኩ ላይ ወጡ። የምስጋና ንግግር ይጠበቃል። ማይኩን አልተቀበሉም። ደወሉን ይዘው ወደ ዳኞች ጠረጴዛ መጡና ፊቴ ቆሙ።

«አንተ፣ ተነስ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ደወል ነው አባባ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ቀልድህን ለሌላ ቀን አስቀምጠው። እዚህ ጋ በጣትህ ዳስሰው። ምንድን ነው?»

«ስንጥቅ ነው» አልኩ።

«በምን ተሞላ?»

«በኮላና በሰጋቱራ።»

«አንተ እንዲህ ስትሠራ ያገኘሁህ ዕለት ምን አደረግኩህ?»

«በመሮው እጀታ እጄን መቱኝ።»

«እኔን ዛሬ ማን ይምታኝ?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ቤቴ ውስጥ ልጆቼ ጎበዝ ይሉኛል፣ የልጅ ልጆቼ ጎበዝ ይሉኛል። የሚዋሸኝ ሰው ሞልቶኛል። ለውሸት ታክሲ ተሳፍሬ አልመጣም። እጄ ሞቷል ወይስ ትንሽ ቀርቶታል፣ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ ብዬ ነው የመጣሁት። አንተን አምኜ ነው የመጣሁት።»

በዚህ ዕድሜዬ፣ በሕዝብ ፊት፣ እንደ ተማሪ ቆሜያለሁ። «ሞቷል አባባ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። አስተባባሪው ግን ማይኩን ይዞ በመሃላችን ገብቶ፣ «አባባ ከደስታ ብዛት ስሜታቸው ተነክቷል! አንዴ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ። ተጨበጨበ። የሰርተፊኬቱን ፍሬም በግድ አሳቀፏቸው፣ ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ላይ አባባ ሰው የገደሉ ይመስላሉ፤ እኔ ደግሞ የተገደለውን።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን፦ አባባ፣ ሴትየዋና እኔ። አባባ አጭር ንግግር ነው የነበራቸው። «ሼዱን ለእሷ ስጧት።»

«አይቻልም አባባ» አለ አስተባባሪው። «ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ማኅተምም አርፎበታል።»

«እንግዲያው እኔ አልፈልግም።»

«ካልፈለጉ ሼዱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመለሳል። ለሁለተኛ አይወርድም። ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ክልክል ነው።»

«ዳኞቹ ተሳስተናል ብንልስ?» አልኩ።

«ሦስታችሁም ፈርማችሁ በጽሑፍ ካመጣችሁ ይታያል።»

ያን ዕለት ከሰዓት ደብዳቤውን ጻፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አማርኛ ጽፌ አላውቅም፤ ኮማው ሳይቀር ይቆጣ ነበር። ይዤ አስጌጧ ጋ ሄድኩ። ሁለት መስመር አነበበችና መለሰችልኝ።

«‹የአባባ ሥራ ስንጥቅ ነበረው› የሚል ወረቀት ላይ ነው የምፈርመው? እኔ? ሞቼ ነው!»

«ራሳቸው እኮ በሰው ፊት ተናገሩት!»

«እሳቸው ይናገሩ፤ የራሳቸው ነው። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ በእኔ ፊርማ ምክንያት ነው ሊባል ነው?»

መምህሩ ደግሞ አልፈርምም አላለም። እሱ የተማረ ነው። እስክሪብቶው ሰነፈበት፤ ሌላ ሰጠሁት፤ መነጽሩን ረስቶ መጣ፤ ነገ ና አለኝ፤ ነገ ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ያ ስብሰባ እስከ ዛሬ አላለቀም። ተቀምጠው ፂም አብቅለው ይሆናል። እኔም በመጨረሻ ለብቻዬ ፈርሜ አስገባሁት። ፋይል ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው አይጥ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን አስገብቼ ስወጣ ሴትየዋ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የተቆጣች አትመስልም ነበር። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«ሁለቱ ዳኞች ዘጠኝ ዘጠኝ ነው የሰጡኝ። ጠይቄያቸው ነግረውኛል። ሃያ ስድስት ነው ያመጣሁት።» እዚህ ላይ ቆም አለች። «እርስዎ ስምንት ነው የሰጡኝ ማለት ነው።»

«አዎ» አልኩ።

«ከበሮው ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

«ግድግዳው ወፈረ?»

«ምንም አልጎደለውም አልኩሽ እኮ! እኔ ልሠራው አልችልም።»

«ታዲያ ስምንት ለምን?»

ውሸት ፈለግኩ። ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ሦስት አራት አይጠፋም ነበር። ያን ቀን ባዶ ነው። «እንዳትኮሪ ብዬ ነው» አልኳት።

እውነቱ ይኸው ነው። እኛን እንዲህ ነው ያሳደጉን። ለታናሽ ሙሉ ማርክ አይሰጥም፤ ትንሽ ይቀነሳል፣ እንዲተጋ። ለሽማግሌ ደግሞ ይጨመራል፣ እንዳያፍር። እኔ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱንም አደረግኩ፤ ሁለቱም ተደማምረው አንዲት ነጥብ ወለዱ።

አየችኝ። «ጋሼ፣ በረንዳ ላይ የምሠራ ሴት በምን ልኮራ?»

ደረጃውን ወርዳ ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። የከተማው ባቡር በድልድዩ ላይ እየተንኳኳ ሲያልፍ አንድ ስድብ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ፤ ለማን እንደሆነ ባቡሩም አላወቀ።

መፍትሔውን ያገኙት አባባ ናቸው። ደንቡን አስነበቡ፤ አሸናፊው ረዳት ማስመዝገብ ይችላል ይላል። አስመዘገቧት። ያን ከበሮ የሠራች ሴት፣ በማኅተም፣ የአባባ ረዳት ተባለች! ይህንኑ ወረቀት ሲሰጧት ጥርሴን ከማፋጨቴ የተነሳ መንጋጋዬ ሳምንት ሙሉ አመመኝ። ደንቡ ሌላም አለው፤ አሸናፊው በሥራ ሰዓት ሼዱ ውስጥ ካልተገኘ ሼዱ ይነጠቃል። ስለዚህ አባባ በየጠዋቱ ከተክለ ሃይማኖት ሜክሲኮ በእግራቸው ይመጣሉ፣ በሩን በራሳቸው ቁልፍ ይከፍታሉ፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ከበላያቸው የእሳቸው ስም፣ ከስሙ ሥር «አንደኛ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳውን አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥተው ሊያወርዱት ሞክረው ነበር፤ ጥበቃው የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ከለከላቸው። እሷ ከኋላ ትሠራለች።

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ባለ ሱፍ ሰው ቆሟል፤ ለመሥሪያ ቤቱ የገና ዛፍ ጌጥ ለማዘዝ የመጣ ነው። ከበሮዋን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያያል።

«አባባ፣ እጅዎ ይባረክ! በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሥራ!»

«እኔ አይደለሁም የሠራሁት» አሉ አባባ። «እሷ ናት። እዚያ ውስጥ ያለችው።»

ሰውዬው ሳቀ። «የድሮ ሰው እኮ እንዲህ ነው! ራሱን አያስቀድምም።»

«እኔ አይደለሁም እያልኩህ ነው!»

«ይሄ ጨዋነት ነው የጠፋብን፣ እውነቴን ነው» አለ ሰውዬው፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ ምስክር እንድሆነው። የአባባ የአንገት ሥር ተገተረ። እጃቸውን አነሱ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ሰውዬው ዓይን ሥር አደረጉለት። «ይሄን እጅ እይ! ይሄ ነው ያንን የሠራው?» ሰውዬው እጃቸውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው።

እኔ ያን ጊዜ ፈነዳሁ። የሦስት ሳምንት ንዴት አንድ ላይ ወጣ። «ስማ ወንድሜ፣ አንተ ዓይን የለህም? ሰውየው አልሠራሁም ይሉሃል! የሳቸው ደወል የተሰነጠቀ ነበር! አንደኛ ያልናቸው እኛ ነን፣ ውሸታሞቹ፣ እኔ አንዱ ነኝ፣ ዳኛ ነበርኩ!»

ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ሽማግሌ እንዲህ ይዋረዳል?» አለ። ከበሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ መሄዱ ነው።

የማሽኑ ድምፅ ቆመ። ሴትየዋ ፀጉሯ በሰጋቱራ ነጥቶ ከውስጥ ወጣች። አንዴ ሰውዬውን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ሰውዬው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በእግዚአብሔር፣ ገዢ አያባሩብኝ።»

ከዚያ ፈገግ ብላ ወደ ሰውዬው ዞረች፤ «ይግቡ ጌታዬ። አባባ የሚሠሩትን ላሳይዎት» አለችው። አባባ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እኔም አጠገባቸው፣ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ከውስጥ «አርባ ታዝዤ ነበር፣ ስድሳ ይሁን» ሲል ይሰማል።